ማንኪያ ሲያይ አፉን የሚዘጋው ሕፃን፦ ከሐዋሳ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ተጨማሪ ምግብ የጀመረ ሕፃን ወደ ላይ ሲለው ቤተሰብ መደንገጡ የተለመደ ነው። በአብዛኞቹ ላይ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ያልፋል። እዚህ የተመዘገበው ሕፃን ግን 8 ወር ሞልቶትም ከቀጭን አጥሚትና ከጡት በቀር ምንም አይወስድም ነበር። ክብደቱ መጨመር አቁሟል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የምግብ ሰዓት የለቅሶ ሰዓት ሆኗል። ለዚህ የሚያበቃ ከባድ በሽታ ተፈልጎ አልተገኘም። ልጁን እዚህ ያደረሱት በየቤቱ የሚደረጉ፣ ለየብቻቸው ሲታዩ ጉዳት የሌላቸው የሚመስሉ ልማዶች ናቸው። የቤተሰቡ ማንነት እንዳይታወቅ ስምና ሰፈር አልተጠቀሰም።

ዳራ

ሕፃኑ ወንድና የመጀመሪያ ልጅ ነው። በጊዜው በ3.1 ኪሎ ተወለደ። እናቱ ቢሮ ሠራተኛ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ስለሆነ ልጁ 3 ወር ሲሞላው ወደ ሥራ ተመለሰች። ቀን ቀን የምትይዘው የአባቱ እናት ናት።

እናትየው መጀመሪያ ላይ ጡቷን እያለበች ታስቀምጥ ነበር፤ ሥራው ሲደራረብ ቀረ። ልጁ አራት ወር ተኩል ሲሆነው አያት የአጃ አጥሚት በጡጦ ጀመሩ። መጠኑ በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ነበር። አጥሚቱ በጡጦው ጫፍ አላልፍ ሲል ቀዳዳው በጋለ መርፌ ሰፋ። ልጁ መጥባት እንኳ አላስፈለገውም፤ ፈሳሹ በራሱ ጉሮሮው ውስጥ ይወርዳል።

6 ወር ሲሞላው ከገብስ፣ ከስንዴና ከሽምብራ ሚጥን ገንፎ ተሠራለት። በመጀመሪያው ማንኪያ ወደ ላይ አለው፤ በሦስተኛው አስመለሰ። ገንፎው ተትቶ ወደ ጡጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሚቀርብለት ሁሉ በጁስ መፍጫ ተፈጭቶ በወንፊት የሚያልፍ ሆነ። በሰባተኛው ወር ደግሞ ትዕግሥት አለቀና መጋት ተጀመረ፦ ጭን ላይ አጋድሞ፣ እጆቹን ይዞ፣ ማንኪያውን ወደ ጉሮሮው ማስጠጋት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጁ ማንኪያ ሲያይ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ፊቱን ያዞር ጀመር።

ጤና ጣቢያ የታየው

የላከቻቸው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ያለው መስመር ጠፍጣፋ ሆኖባት ነው። በ6 ወሩ 7.2 ኪሎ የነበረው በ8 ወሩ 7.4 ብቻ ነው። በእድገት ሰንጠረዡ መሐል ላይ ያለ ወንድ ልጅ በእነዚህ ሁለት ወራት ወደ 700 ግራም ይጨምራል። የክንድ ልኬቱ 13.1 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ከ12.5 በታች ከሚጀምረው የምግብ እጥረት ክልል ውጭ ነው። ሄሞግሎቢኑ 9.8 ወጣ፤ የደም ማነስ አለበት። የደም ማነስ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ አለመብላቱ ደሙን፣ ደሙ መብላቱን እየጎተቱት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ከባድ ምክንያት እንዳይኖር ተጣራ። ላንቃው ሙሉ ነው፤ ምላሱ አልታሰረም። ጡት ሲጠባ አያስለውም፤ ከጠባ በኋላ ድምፁ እርጥብ እርጥብ አይልም። የሳንባ ምች ታሞ አያውቅም፤ ድጋፍ ካገኘ ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢጎድል ጉዳዩ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄድ ነበር። ፈሳሽ ሲውጥ የሚያስለውን ልጅ ቤት ውስጥ ምግብ ማለማመድ አይገባም።

ብዙውን ነገር የገለጠው ግን ምርመራው ሳይሆን ሲበላ ማየት ነው። ነርሷ፣ «እማማ፣ እስኪ እንደ ቤትዎ ያብሉትና ልይ» አለች። አያት ልጁን ጭናቸው ላይ አንጋለሉት፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ አዘነበለ። በአዋቂ የሾርባ ማንኪያ ሞልተው ቀዱ። ልጁ አፉን ሲከፍት ማንኪያው እስከ ምላሱ መሐል ገባ፤ ሲወጣም ምግቡ በላይኛው ድድ ተጠርጎ ቀረ። ምላሱ ወጣ፣ ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ «ኧክ» አለ። «ይኸው ልጄ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አልበላ እያለ ዝም ብዬ ልየው?» አሉ።

ከዚያ ነርሷ ልጁን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ ጫፉ ላይ ጥቂት አቮካዶ የተቀባ ትንሽ ማንኪያ እጁ ላይ ሰጠችው። አገላብጦ አየው፣ ጫፉን ላሰ፣ ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ወደ ላይ አለው። አላለቀሰም። ማንኪያውን አወጣና መልሶ ከተተው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ የሚያስፈራው ወደ ላይ ማለቱ ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

ወደ ላይ ማለትና መታነቅ

ሁለቱ ስለሚምታቱ ለቤተሰቡ በመጀመሪያ የተነገረው ልዩነታቸው ነው። ወደ ላይ ማለት መከላከያ ነው። ጉሮሮ ላልተዘጋጀበት ነገር ምላስ ወደ ፊት ይገፋዋል። ድምፅ አለው፣ ፊት ይቀላል፣ ልጁ ይተነፍሳል፣ በጥቂት ሰከንዶች ያበቃል። በ6 ወር አካባቢ ይህ ምላሽ የሚነሳው ከምላስ መሐል ገደማ ነው። ልጁ እጁንና የተለያየ ነገር አፉ ውስጥ እያስገባ ሲለማመድ የሚነሳበት ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ልጅ ያን ልምምድ አላገኘም። አንደኛ፣ በጡጦ የሚወርድ ፈሳሽ ምላስን ምንም አያስተምርም። ሁለተኛ፣ አብዛኛውን ቀን ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የሚውለው፤ አፉ ውስጥ የከተተውን ሁሉ «ቆሻሻ ነው» እየተባለ ይነጠቃል።

መታነቅ ድምፅ የለውም። ልጁ ማልቀስም ማሳልም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሚደረገው እርዳታ ለእናትም ለአያትም በአሻንጉሊት ላይ ተሠርቶ ታየ። ሕፃኑን ክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል በእጅ መዳፍ ተረከዝ 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ በሁለት ጣት የደረቱን አጥንት መሐል፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ እየደጋገሙ ሰው እንዲደርስ መጥራት። ሆድ አይጫንም። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት አፍ ውስጥ አይከተትም፤ ይበልጥ ይገፋዋል። አያት ያደርጉ የነበረው ጣት መክተቱን ነበር፤ ልጁን ወደ ማስመለስ የሚወስደውም አንዳንዴ ይኸው ነው።

የእንጥል ነገር

ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶበት ነው፤ አስቆርጡት» ብሎ ነበር፤ ቆራጭም ተገኝቶ ቀን ተቆርጧል። ይህ ሳይነሳ ቢታለፍ የተቀረው ምክር ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ነርሷ በባትሪ እያበራች እንጥሉን ለአያት አሳየቻቸው፤ ከማንም ልጅ አይለይም። እንጥል መቁረጥ ከባድ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ቴታነስ ያስከትላል፤ ወደ ላይ ማለትን አያቆምም። ከቆረጣ በኋላ ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ጭራሽ አለመብላቱም የታወቀ ነው። አያት አልተከራከሩም፤ እንዲቀር ያሳመናቸው ግን ቴታነስ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩት እንጥል ይመስላል።

የተደረገው

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ግብ ማብላት አልነበረም። መጋት ቆመ። ጡጦው ከቤት ወጣ፤ ፈሳሽ በቡና ስኒ መጠጣት ተጀመረ። ስኒ ለዚህ የተመቸ ዕቃ ነው፦ ትንሽ ነው፣ ከንፈሩ ቀጭን ነው፣ ሲታጠብ የተደበቀ ቦታ የለውም። እናትየው ጠዋት እየታለበች በፍሪጅ ታስቀምጥ ጀመር፤ የሐዋሳ የቀን ሙቀት ውስጥ ውጭ ማቆየት አያስተማምንም። ለደም ማነሱ ሐኪም በክብደቱ ልክ የብረት ሽሮፕ አዘዘ፤ ሻይ እንዳይቀምስም ተነገረ፣ ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳልና።

አቀማመጡ ተለወጠ። የሕፃን የመመገቢያ ወንበር ስለሌለ ጎንና ጎኑ የተደገፈ የልጆች የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከጀርባው የታጠፈ ጋቢ፣ ከእግሩ ሥር የተገለበጠ ትንሽ ሳፋ። እግሩ መሬት ሲያገኝ ወገቡ ይጸናል፤ ወገቡ ሲጸና አንገቱና መንጋጋው ለማኘክ ነፃ ይሆናሉ። ብዙ ቤት የሚዘነጋው ሳፋውን ነው። ወንበሩ ላይ ለደቂቃም ብቻውን አይተውም። ሰዓቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጡት ከጠባ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ። ማንኪያው የሻይ ማንኪያ ሆኖ የሚሞላው እስከ ግማሽ ነው፤ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ የምላሱን ጫፍ ነክቶ ይቆማል፣ ከንፈሩን ዘግቶ የሚወስደው ልጁ ነው። ድድ ላይ መጥረግ የለም። ሌላ ማንኪያ ደግሞ በእጁ ይይዛል።

ምግቡ የጀመረው ከአቮካዶ ነው፤ በሲዳማ እንደ ልብ የሚገኝ፣ ስብ ያለው፣ ሲፈጭ አንድ ወጥ የሚሆን። ሩብ አቮካዶ በሹካ ተፈጭቶ በአንድ የሻይ ማንኪያ የእናት ወተት ይለሰልሳል። መለኪያው ማንኪያው ነው፦ ሲዘነበል የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፣ ዱብ ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ልክ ነው። በስድስተኛው ቀን አራት ማንኪያ በላ። ብዙ አይመስልም፤ ያለ ለቅሶ መሆኑ ግን ለዚያ ቤት አዲስ ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ ሻካራነት ነው፤ እዚህ ላይ ቸኮል ማለት ሁሉን ያበላሻል። አንድ የቡና ስኒ ምስር ክክ በአራት ስኒ ውኃ፣ ያለ ጨውና በርበሬ፣ እስኪፈርስ ይቀቀላል። ግማሹ በወንፊት ያልፋል፣ ግማሹ በሹካ ብቻ ይዳመጣል። መጀመሪያ ሦስት ማንኪያ የተጣራ ከአንድ ያልተጣራ ጋር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ለሁለት፤ ከዚያ አንድ ለሦስት፤ በመጨረሻ ወንፊቱ ይቀራል። በየሳህኑ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመራል፤ ጉልበት ይሰጣል፣ ሲዋጥም ያንሸራትታል። ወደፊትና ወደኋላ የሚወስነው ደንብ አንድ ነው። ወደ ላይ ብሎት መብላቱን ከቀጠለ ባለበት መቆየት፤ ካስመለሰ ወይም በሁለት ተከታታይ ምግብ ላይ አፉን ከዘጋ አንድ ደረጃ መመለስ፤ ሦስት ቀን ከሰነበተ ወደ ፊት። ሲለው ማንም አይጮኽም፣ ጀርባውን አይመታም፤ ትንሽ ጠብቆ «እሺ» ይባልለታል።

9 ወር ሊሞላው ሲል በእጅ የሚበላ ተጨመረ። የአዋቂ ጣት ያህል ርዝመትና ውፍረት ያለው፣ ከጭብጡ ወጣ ብሎ የሚታይ፦ የተቀቀለ ካሮት፣ ድንች፣ በበሶ ዱቄት የተንከባለለ አቮካዶ። በሶው አቮካዶው ከእጁ እንዳያመልጥ ነው። ልስላሴው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ሲጫን መፍረስ አለበት፤ ካልፈረሰ ወደ ድስቱ ይመለሳል። ጥሬ ካሮት፣ ሙሉ ለውዝ፣ ቆሎና ሙሉ ወይን ለዚህ ዕድሜ አይሰጡም።

ቀጥሎ እንቁላል፣ ዓሣና ጉበት መጡ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ብቻውን ደረቅ ፍርፋሪ ስለሆነ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ በአቮካዶ ሲታሸት ግን ሄደ። የሐይቁ ቆሮሶ በእንፋሎት ተቀቅሎ በጣት እየተዳበሰ እሾሁ ተለቀመ፣ ከድንች ጋር ተዳመጠ። ጉበት ተቀቅሎ በሞረድ ተፍቆ በሳምንት አንድ ጊዜ ከምስሩ ጋር ገባ።

ያልሠራው

ድንቹን አባት በጁስ መፍጫ ፈጨው፤ ሙጫ ሆነ። ስታርቹ ሲመታ እንዲህ ያደርጋል፤ ድንች በሹካ ብቻ ነው። የቡላ ገንፎም በዚሁ ምክንያት ወደቀ። በአካባቢው ለልጅ ቀዳሚ ከሚታሰቡት ምግቦች አንዱ ነው፣ ላስ ያለና እህል የማይታይበት፤ ግን ይለጠጣል፣ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ልጁም በምላሱ ሊያወርደው አልቻለም። ለጉልበት ሰጪነቱ ይፈለግ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተሞከረና ቆመ።

ሻካራውን ምግብ በቀጭኑ ውስጥ መደበቅ ከሁሉ የከፋ ሆነ። እናትየው ምስር ሳይታወቅ እንዲገባ በአጥሚት ውስጥ ቀላቀለችው። ፈሳሽና ጠጣር አብረው ሲመጡ አፍ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ፈሳሹ ሲወርድ ጠጣሩ ሳይታኘክ አብሮ ይሄዳል። ልጁ አስመለሰ፤ ለሁለት ቀን አቮካዶውንም አልነካም። በሾርባ የራሰ ዳቦና በወጥ የተዘፈቀ እንጀራም እንዲሁ ከዝርዝሩ መጨረሻ እንጂ ከመጀመሪያው አይደሉም።

«ይራብና ይበላል» ተብሎ ጡት እንዲዘገይ ተደረገ። የተራበ ሕፃን ማልቀስ እንጂ መለማመድ አይችልም። ስልክ ላይ ካርቱን እያዩ ማብላት ደግሞ ሠርቶ ነበር፣ ለአራት ቀን። ልጁ ሳያስተውል ዋጠ፤ ስልኩ ሲነሳ ግን ምንም አልተማረም ነበር።

ትልቁ መንሸራተት የመጣው በዘጠኝ ወር ተኩል ጉንፋን ሲይዘው ነው። አፍንጫው የተዘጋ ልጅ አፉን ዘግቶ ማኘክና መተንፈስ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ደረጃ መመለስ ትክክል ነበር። አያት ግን የደበቁትን ጡጦ አወጡ። ለማስተው አምስት ቀን የወሰደው ነገር በአንድ ሌሊት ተመለሰ። የተፈታው በክርክር አይደለም፤ አያት ሥራ ተሰጣቸው። የየቀኑን ደረጃ በመስመር ደብተር ላይ በምልክት የሚይዙት እሳቸው ሆኑ፣ ድንቹን የሚዳምጡትም እሳቸው። መጋት የጀመረው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነውና ለፍርሃቱ የሚይዘው ነገር ያስፈልገው ነበር።

ለሌላ ቤት የሚጠቅመው

ደረጃ የመዝለልን ያህል አንድ ደረጃ ላይ መቅረትም ይጎዳል። በእንግሊዝ አቮን አካባቢ በ1991 እና 1992 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ሕፃናትን የተከታተለው ጥናት ሻካራ ምግብ ከ9 እና 10 ወር በኋላ የጀመሩ ልጆች ቆይቶም በአመጋገብ ይበልጥ እንደሚያስቸግሩ አሳይቷል። ወንፊቱን «ትንሽ ይደግ» እያሉ ማቆየት ደኅና ቢመስልም ይህ ልጅ የቆመበትን ቦታ ያራዝማል እንጂ አይፈታም።

የሚያበላው ሰው ማን እንደሆነ ከምግቡ ዓይነት በፊት መታወቅ አለበት። ምክሩን የሰማችው እናት፣ ማንኪያውን የያዙት አያት ከሆኑ ምክሩ ከጤና ጣቢያው በር አያልፍም። ቀጠሮው አያት ባሉበት መሆኑ እዚህ ጉዳይ ላይ ከማናቸውም ደረጃ ይበልጥ ሠርቷል።

ብዛትን በተመለከተ መለኪያው የታወቀ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ እስከ ግማሽ የ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ፤ ከ9 እስከ 11 ወር በየምግቡ ግማሽ ኩባያ፣ 3 ወይም 4 ጊዜ። ወደ ላይ ለሚለው ልጅ ግን መጀመሪያ ይህን ማስላት ትርፉ ጭንቀት ነው። ጡት እስካለ ድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት በጥቂት ማንኪያ ማሳለፍ ይቻላል፤ ካርዱ ላይ ያለው መስመር ግን በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለበት። ክብደት ከቀነሰ፣ ሲውጥ ካሳለ፣ ወይም በሁለት ወር ውስጥ አንድ ደረጃ እንኳ ካልተንቀሳቀሰ የቤት ሙከራው ቆሞ ሆስፒታል ነው።

በ12ኛው ወር

በ10 ወር ተኩል 8.3፣ በ12 ወሩ 8.9 ኪሎ መዘነ። ሄሞግሎቢኑ 11.2 ደረሰ፤ ሽሮፑ በሐኪም ትእዛዝ ቀጥሏል። በሹካ የተዳመጠ ምስር፣ ድንች፣ ዓሣና እንቁላል ይበላል፤ ካሮቱን ራሱ ይዞ ይገምጣል። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ወደ ላይ ይለዋል፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም ከወንበሩ አይነሳም።

ቡላን አሁንም አይቀበልም። በሾርባ ውስጥ ያለ ማኮሮኒም ያስቸግረዋል፤ ለጊዜው ሾርባው በስኒ፣ ማኮሮኒው በሳህን ለየብቻ ይቀርባል። ሥጋ የሚሄድለት የተፈጨ ሲሆን ብቻ ነው። በ15 ወሩ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ክብደቱ ይለካል፤ በቀጭን የተተለተለ ሥጋ የሚጀመረውም ያኔ ታይቶ ነው።